ከቆጣሪው ሥር የጎደለችው ላሜራ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ አንቺን፣ ሕፃኗንና ያንን ዝምተኛ መካኒክ ባልሽን ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይጠብቅልኝ። ስለ እኔ ጤና ከጠየቅሽ ሥጋዬ ደህና ነው፤ ስለ ሌላው አትጠይቂኝ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋሽው ነው ብዕር ያነሣሁት። ጮህኩ፣ አዎ ጮህኩ! አንድ ልጄ በሰው ደም ተለውሶ እስር ቤት ገብቶ በሹክሹክታ ላወራሽ ነው? በይ ወረቀት አይጮህም፣ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ጉልቤው ልጄ የሠራውን ሥራ ከጎረቤት ሰማሁት። እናቱን ለቀጠሮዋ እናንተ ሆስፒታል ይዟት መጣ። ሐኪሙ ፎቶውን አየና «ከጆሮዋ ጀርባ የነበረው ዕጢ ተመልሷል» አለው። ያን ያህል ጊዜ ያንን ጨረር ተቀብላ፣ ፀጉሯ ረግፎ፣ ምራቋ ደርቆ፣ ተመልሷል! ልጄ ደረጃውን ወርዶ፣ የእሳት ማጥፊያውን ሲሊንደር ከግድግዳው ላይ ነቅሎ፣ ማሽኑን የሚያዘውን ልጅ ፊቱ ላይ አሳረፈበት። አንድ ዓይኑ ፈሰሰ አሉኝ። ከወደቀም በኋላ ደረቱ ላይ ደገመው አሉ።

አልዋሽሽም፣ ስሰማ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «እሰይ!» ነው። እኔ እዚህ ሰው አገር፣ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ የከብት ጎን ስገነጥል የምውል ሰው ነኝ፤ ንዴቴን የማሳርፍበት ሥጋ አላጣም። እሱ ምን ነበረው? ፊት ለፊቱ ያገኘውን አነሣ።

አሁን የምልሽን ስሚ። የዚያን ማሽን ጨረር የምትለኪው አንቺ ነሽ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር ብለሽ ጻፊና ማኅተም አድርጊበት። ዳኛው ያንን ካየ ያቀልለታል። ማሽኑ ደህና ቢሆንም ተበላሽቷል በይ፤ ብረት አይከስሽም።

በአጭሩ ጻፊልኝ፣ በቶሎም ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ጥቅምት 19

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥዎት፤ ከቁጣዎ ላይ ግን ጥቂት ይቀንስልኝ። ሕፃኗ ደህና ናት፣ ባለቤቴም ሰላም ይልዎታል።

«እሰይ» ያሉባትን ቦታ ደጋግሜ አነበብኳት። ተመታ ብለው እሰይ ያሉበትን ሰው እስቲ ልንገርዎት። እኛ ሳቂታው ነው የምንለው። ሚስትዎ እትዬ ከሕክምናው ጠረጴዛ ስትነሣ ራሷን ሲያዞራት በሁለት እጁ ደግፎ የሚያወርዳት እሱ ነበር፤ «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ቀለሉኝ፣ ምነው እራት አልቀረበም እንዴ?» እያለ ያስቃት ነበር። የታዘዘለትን ቁጥር ያስገባል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ በቃ። ሐኪሞቹ የፈሰሰውን ዓይኑን አውጥተውለታል። ጥርሱን ከኮምፒውተሩ ሥር ያነሣሁት እኔ ነኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደሙን አልነካም ብላ ጥላኝ ስለወጣች እኔው ነኝ ያጠብኩት። ልጅዎን ወንድሜ እያልኩ ነው ያደግኩት። ያን ቀን ግን ዘበኞቹ በዱላ ሲቀጠቅጡት ቆሜ አየሁ፤ ተዉት አላልኩም።

የውሸት ወረቀት አልጽፍም። ቢለምኑኝም፣ ቢረግሙኝም አልጽፍም።

ነገር ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዕጢ የተመለሰባት እትዬ ብቻ አይደለችም። ዕጢያቸው ትንሽ የነበረ ሌሎች ታካሚዎችም እየተመለሱብን ነው፤ ትልልቁ ግን እንደ ወትሮው ነው። ላስረዳዎት። ማሽኑ ውስጥ እንደ መብራት ቆጣሪ ያለ ነገር አለ፤ ጨረሩ ሲያልፍበት ይቆጥርና የታዘዘው ልክ ሲሞላ ማሽኑን ያጠፋል። ከቆጣሪው በታች ወፋፍራም የብረት መዝጊያዎች አሉ፤ ለትልቅ ዕጢ ይከፈታሉ፣ ለትንሽ ይጠባሉ። እኛ በየጠዋቱ የምንለካው በአንድ መካከለኛ ክፍተት ነው፤ ሁሌም ልክ ነው። በጠባቡስ ማን ለካ? እኔ ወሊድ ላይ እያለሁ የማሽኑ ራስ ተፈቶ ተጠግኗል። ከዚያ ወዲህ በጠባቡ የለካ ሰው የለም።

ኃላፊያችንን ማሽኑን አቁምልኝ ስለው «ልክ የሆነ ነገር ምን ያስነካካሻል? ውጭ የቆመውን ወረፋ አንቺ ልትመልሺው ነው?» አለኝ። እሁድ ሥራ የለም፤ ገብቼ እለካለሁ። ለልጅዎ ብዬ እንዳይመስልዎት።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 30

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ምርቃቱን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ፣ ጨጓራዬን ልጠሽዋልና።

ዘበኞች ልጄን ሲቀጠቅጡት ቆሜ አየሁ ትይኛለሽ? ያውም በኩራት! እስር ቤትም አላረፈ፤ «አልጋህን ልቀቅ» ያለውን ሰውዬ ጆሮውን በጥርሱ ነጨለት አሉኝ። አሁን ማንም አጠገቡ አይተኛም። ጥሩ፣ ቢያንስ ሰፋ ብሎ ይተኛል።

እኔም ብሶብኛል። አለቃዬ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ «ምነው ዛሬ እጅህ ከበደ?» ቢለኝ፣ ከመንጠቆው ላይ ያወረድኩትን ታፋ እንደያዝኩ አናቱን አልኩት። በአፍጢሙ ወለሉ ላይ ተዘረረ፤ አፍንጫው ተሰበረ። ሰው ፊት በመውደቁ አፍሮ አልከሰሰኝም፣ ፈረቃዬን ግን ወደማይረባው ቀየረው።

ሚስቴን በስልክ አገኘኋት። ድምፅዋ በአንድ ጎን ነው የሚወጣው። ፊቷ መጣመሙን አንዳችሁም አልነገራችሁኝም፤ ከድምፅዋ አወቅኩት። «ልጄን አስፈታልኝ» አለችኝ። ስለ ራሷ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ስልኩን ዘግቼ የመጸዳጃ ቤቱን በር በቡጢ በሳሁት፤ ይኸው እጄ አብጦ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ ከተንጋደደብሽ ታገሺኝ።

ያልሽው ነገር ግን ልቤን ሰቅሎታል። በጠባቡ ማን ለካ አልሽ አይደል? እንግዲህ ለኪ! ለልጄ ብለሽ ባይሆን ለእሷ ብለሽ ለኪ። እሁድ አልፏል፤ ምነው ዝም አልሽ?

አጎትሽ


ኅዳር 13

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ፈጣሪ እጅዎን ከሰው ራስ ላይ ያንሣልዎት።

ለካሁ። ማሽኑ ጨረሩን እንደ ቧንቧ ውኃ አያፈስም፤ በምት በምት ነው የሚተፋው፣ እያንዳንዱም ምት እኩል ነው። ስለዚህ ቆጣሪውን ማመኑን ትቼ ምቶቹን ቆጠርኩ። መዝጊያዎቹን በሰፊው ከፍቼ፣ ማሽኑ እስኪጠፋ ስንት ምት እንደተፋ ያዝኩ፤ በሰፊው ልክ ነው። ከዚያ በእትዬ ዕጢ ልክ አጠበብኳቸው። ያው ትእዛዝ ነው፣ ያው ቆጣሪ ነው፤ ምቱ አነሰ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ደገምኩት፤ አሁንም አነሰ። ማሽኑ ጊዜው ሳይደርስ እየጠፋ ነው።

ምክንያቱ ይኸውልዎት። መዝጊያዎቹ ሲጠቡ ጨረሩ ጀርባቸውን ይመታና ተበትኖ ወደ ላይ ይነጥራል። የነጠረው ተመልሶ ቆጣሪው ውስጥ ይገባል። ቆጣሪው ደግሞ ሂያጅና ተመላሽ አይለይም፤ ሁሉንም ለታካሚው እንደደረሰ አድርጎ ይቆጥረዋል። ለዚህ ነው ፋብሪካው በመሃላቸው አንዲት ላሜራ የሚያስገባው፣ የነጠረውን እንድታግድ። የማሽኑን ሽፋን አስከፍቼ አየሁ። ላሜራዋ የለችም። ብሎኖቿ የነበሩባቸው ቀዳዳዎች ባዷቸውን ናቸው።

እትዬ ከሚገባት ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ጎድሎባታል። ባይጎድልባትስ ዕጢው አይመለስም ነበር ወይ ቢሉኝ መማል አልችልም። ይህንኑ ጽፌ ለኃላፊው ስሰጠው ፊቱ አመድ መሰለ፤ «ቅደጂውና በጸጥታ እናስተካክለው» አለኝ። አልቀደድኩትም። ለሆስፒታሉም ለፍርድ ቤቱም ፈርሜ ሰጠሁ። ዳኛው ይህን አይቶ ልጅዎን በዋስ ሊለቀው ነው።

ወሬው ግን ከወረቀቱ ቀደመ። የታካሚ ቤተሰቦች ድንጋይ ይዘው መጡ። የመስኮት ስባሪ አንዲት ነርስ አንገቷን ቀደዳት። ኃላፊያችን ውስጡ እንዳለ መኪናውን ገለበጡበት፤ ጎትተው ሲያወጡት ክንዱ ተንጠልጥሎ ነበር። ፖሊስ ተኮሰና አንድ አባት እግሩን ተመታ። ያ ሰውዬ እኛ ጋ የሚያሳክመው ልጁን ነበር። እኔ ጋውኔን አውልቄ በጓሮ በር ሸሸሁ፤ ለመለካቴ የተከፈለኝ ይህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር እትዬ ናት። ሐኪሙ «ዕጢው ገና ትንሽ ነው፤ ላሜራዋ ከተመለሰችና ቶሎ ከጀመርን እንደገና ልንሞክርላት እንችላለን» ብሏል። ከሁሉም በፊት የምትገባው እሷ ናት። ላሜራዋን የሚገጥመው ባለቤቴ ነው። የፋብሪካው ሰው እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ ያንን ራስ ፈትቶ መግጠም የሚችል እዚህ ሌላ የለም።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 22

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ተባረኪ! የወለድሽው ይደግልሽ፣ የነካሽው ይለምልምልሽ! ልጄ ወጣ፣ ድምፁን ሰማሁት። ቢላዬን ጥዬ ሬሳ ከብት መሃል ቆሜ አለቀስኩ። የሥራ ጓደኞቼ አበደ ብለው ራቁኝ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረሽ። ላሜራዋን ማን አነሣት? ስለ መዝጊያው፣ ስለ ምቱ፣ ስለሚነጥረው ሁሉ ተነተንሽልኝ፤ ሰውየውን ግን ዘለልሽው። ላሜራ እግር አውጥታ አትሄድም። ሚስቴን በቁሟ የቀበራት ሰው ስም አለው። ባልሽ እዚያው ጥገና ክፍል አይደል የሚሠራው? ጠይቂው፣ ሳያውቅ አይቀርም።

እንዳትሸነግዪኝ። ስሙን ካልላክሽልኝ ልጄን ወርክሾፑ እልከዋለሁ፤ አንድ በአንድ እያነቀ ይጠይቃቸዋል። እሱ ሲጠይቅ እንዴት አድርጎ እንደሚጠይቅ አንቺው አይተሻል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 5

ይድረስ ለአጎቴ፤

ይህን ሰላምታ እግርዎ ሥር ወድቄ እንዳቀረብኩት ይቁጠሩልኝ። መልስ ያዘገየሁት ጽፌ እየቀደድኩ ነው።

ስሙን ጠየቁኝ። ባለቤቴ ነው።

የማሽኑን ውስጥ ባየሁ ማግስት ላሜራዋን ወርክሾፑ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ ለብሳ አገኘኋት። «ይህቺ ምንድን ናት?» አልኩት። «ክዳን ናት» አለኝ። ያኔ የመዝጊያው ሞተር ተቃጥሎ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ ወረፋው ግቢውን ሞልቶት፣ ኃላፊው አናቱ ላይ ቆሞ ይጮህበት ነበር። ሞተሩን ለማውጣት ላሜራዋ መነሣት ነበረባት። መልሶ ሲገጥማት ብሎኗ ተሰበረ። ያለ እሷ ሞከሩት፤ ኃላፊው በመካከለኛው ክፍተት ለካ፣ ልክ ሆነ። ልክ ከሆነማ አቧራ መከላከያ ነች ተባብለው ሥራ ጀመሩ። ነገሩን ሳስረዳው «እትዬንም?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምሳ ዕቃው ውስጥ አስመለሰ። እኔም በጥፊ መታሁት። መትቼው አላውቅም፤ ያን ቀን መዳፌ እስኪደነዝዝ መታሁት፣ እሱ እጁን አላነሣብኝም።

ይህን የምነግርዎት ልጅዎ ወርክሾፕ ገብቶ ሌላ የማያውቅ ሰው እንዳያሳውር ነው። አጎቴ፣ ለልጅዎ ከነገሩት ባለቤቴን ይገድለዋል። ልጅ ሆኖ ተመትቶ ሲመጣ «የመታህን ሳትመታ እንዳትገባ» ብለው በር ይዘጉበት የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ባሌን ያድኑልኝ ብዬም አይደለም የምለምንዎት። ያ እጅ የሚያስፈልገው ለእትዬ ነው። አዳዲስ ብሎኖች እያስቀረጸ ነው፣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ላሜራዋ ትግባ፣ እትዬ ትጀምር፤ ከዚያ እኔው ራሴ ይዤው ዳኛ ፊት እቀርባለሁ። እስከዚያ ምላስዎን ይያዙልኝ። ሌላ አልጠይቅዎትም።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 16

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሕፃኗ ጥርስ አበቀለች? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ በርትቷል።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ አንብቤዋለሁ። ሰው ይሳሳታል። ስለዚያ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ልጄን በስልክ አግኝቼዋለሁ፤ ብዙም አላወራን። እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፣ ባልሽ ወርክሾፑ ውስጥ ብቻውን ነው የሚሠራው ወይስ ሌላም ሰው አለ? እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው።

አጎትሽ


የካቲት 10

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምታና ምርቃት ከእኔ አይጠብቁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ልጅዎ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ለጥያቄዎ መልሱ፣ አዎ፣ ብቻውን ነው የሚሠራው።

ብሎኖቹ ደርሰው ነበር። ባለቤቴ ላሜራዋን ብረት ጨምቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስሮ ጠርዟን በሞረድ ያስተካክል ነበር። ልጅዎ ገባና በሩን ከውስጥ ቆለፈ። መጀመሪያ በመዶሻ ጉልበቱን መታው። ከዚያ ላሜራዋን ከሞርሳው አውጥቶ ከግድግዳ ጋር አላተማት፤ በእሷ ቦታ የባለቤቴን ቀኝ እጅ አስገባ። ባለቤቴ «ለእናትህ ነው! የምሠራው ለእናትህ ነው!» እያለ ይጮህ ነበር፤ ፎቅ ላይ ያሉ ታካሚዎች ሰምተውታል። ልጅዎ የሞርሳውን እጀታ አዞረው፣ አዞረው፣ አልዞር እስኪለው አዞረው።

በሩን ሰብረን ስንገባ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ለማምለጥም አልሞከረ። «አባቴ ነው የነገረኝ» አለ። እኔ ሞረዱን አነሣሁና ፊቱን አልኩት፤ ጉንጩ እስከ ጥርሱ ተከፈተ። ይህንንም ከእኔው ይስሙት። ሰው ባይይዘኝ ኖሮ ዓይኑን እፈልግ ነበር። አሁን ተመልሶ ታስሯል፤ በዚህኛው ዋስ የለውም።

ባለቤቴ ሦስት ጣቱን አጥቷል፣ የቀሩትም አይታጠፉም። ላሜራዋ ተጣምማ ስለነበር ሌላ በልኳ አስቆረጥን። ከዚያ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየነገረኝ፣ መፍቻ በእጄ ይዤ የማላውቀው እኔ ማሽኑ ራስ ውስጥ ገባሁ። ስፈታ፣ ስገጥም፣ ሳበላሽና እንደገና ስጀምር ሳምንታት አለፉ። «ወደ ግራ፣ ቀስ በይ፣ እንዳይሰበር» ይለኝና በሌለው ጣቱ ሊያሳየኝ ይሞክራል። በመጨረሻ ገባች። ሰፊውንም ጠባቡንም ለካሁ፤ ምቱ እኩል መጣ። ማሽኑ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ እትዬን አስጠራሁ።

መጣች። አዲስ ፎቶ ተነሣች። ሐኪሙ ፎቶውን ካየ በኋላ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ዕጢው ከጆሮዋ ጀርባ ወጥቶ፣ አጥንቱን በልቶ፣ ወደ አንገቷ ወርዷል። ለማዳን የሚሰጥ ጨረር ከእንግዲህ የለም፤ ሕመሟን ለማስታገስ ያህል ግን ይሰጣት አለ። ሳቂታው በአንድ ዓይኑ ሥራ ተመልሷል፤ ለእሷ ግን አልሠራም አለ። አልፈረድኩበትም። ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ።

ሰኞ ትጀምራለች። ዕጢውን የሚሸፍነው ሰፊው ክፍተት ብቻ ስለሆነ መዝጊያዎቹን ከፍተን ነው የምንሰጣት። በሰፊው ደግሞ ማሽኑ ያለ ላሜራዋም ልክ ነበር።

የእህትዎ ልጅ